መርሻ የነፋበት ሠርግ

ታክሲ ውስጥ አፌን አልይዝም፤ ልጆቼ ሁሌ የሚያፍሩብኝ በዚህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ለቡ ላይ ስሳፈር ረዳቱ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ አድርጎ ሊያጣብቀኝ ሲሞክር፣ "ልጄ፣ እኔ ጆንያ መሰልኩህ? ጉልበቴን የት ላድርገው? ኪስህ ውስጥ ልክተተው?" አልኩት። ሰዉ በሙሉ ሳቀ። እሱም እየሳቀ "እማማ፣ ጠጋ ጠጋ ይበሉ፣ ቅርብ ነው" ሲለኝ፣ "ቅርብ ከሆነማ አንተ ውረድና በእግርህ ተከተለን!" ብዬ ገና ሳልጨርስ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት "እትዬ ጥሩዬ!" ብላ ጮኸች። ዞር ስል ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገች፣ ወፈር ያለች፣ ግንባሯ አካባቢ ሸበት ጀመር ያደረጋት ሴት ናት። ማን እንደሆነች ጠፋኝ። "በድምፅዎ ነው ያወቅኩዎት እኮ! ጫልቱ ነኝ፣ የደሬሳ ልጅ! ላፍቶ ጎረቤትዎ የነበርኩት!" ሞት ይርሳኝ! በሠርጓ ቀን የመጠጡን ቁልፍ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የዋልኩላትን ልጅ ረሳኋት።

ብስራተ ገብርኤል ላይ አብረን ወረድን። መንገድ ዳር ቆመን ስንሳሳም፣ ስንጠያየቅ መንገደኛው እየገፋን ያልፋል። አባቷ ኦቦ ደሬሳ አምና ማረፋቸውን ነገረችኝ። እኔ ከላፍቶ ከወጣሁ በኋላ ወሬም አልደረሰኝም፤ ለቅሶ አለመድረሴ አንገበገበኝ። እሷ ግን ሌላ ነገር ልትነግረኝ ቸኩላለች። "የአባዬን ዕቃ ስናነሳ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ የሠርጌን የቪዲዮ ካሴቶች አገኘኋቸው፤ ሁለት ናቸው" አለችኝ። "አንዱ ያ ዘፈን የተጫነበት ነው። ሌላኛው ዋናው ነው፤ ቀራጩ ሳይቆራርጠው፣ ምንም ሳይጭንበት በፊት የነበረው። አባዬ ለካ 'ልጄ ያለችበትን በሙሉ አምጣ' ብሎ ተቀብሎት ኖሯል። ልጄ ፍላሽ ላይ አስገለበጠልኝ። እትዬ ጥሩዬ፣ ጋሽ መርሻ አሉበት። ሳክስ ሲነፉ። ከነድምፁ!"

እዚያው አስፋልት ዳር የጫልቱን ክንድ ይዤ ቆምኩ።

መርሻ ባሌ ነበር፤ ሳክስፎን ተጫዋች። ከሞተ በኋላ ልጆቻችን ልጆች ወልደዋል። ፎቶው ግድግዳዬ ላይ አለ፤ ቡናማ ኮቱም አለ፣ በዓመት በዓመት አውጥቼ ፀሐይ አስመታዋለሁ። ድምፁ ግን የለኝም። የተቀረጸው ሁሉ ከባንዱ ጋር ነው፤ አምስት ሰው አንድ ላይ ሲነፋ የቱ መርሻ እንደሆነ እኔ እንኳ መለየት ይቸግረኛል። ቤታችን ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ነበረን። "ቁጭ በልና ልቅዳህ" ስለው፣ "ኤዲያ! ይሄ ድምፄን ያቀጥነዋል፤ ስትፈልጊ እኔን ንገሪኝ፣ እነፋልሻለሁ" ይለኝ ነበር። አይ ሰው መሆን! ሁልጊዜ የሚኖር መስሎት። መስሎን። ስለዚህ ጫልቱ "ከነድምፁ" ስትለኝ ምን እንደሆንኩ እናንተው ገምቱት። ለእሑድ ተቀጣጠርንና ቤቴ ገባሁ፤ ያን ቀን ግን የሆነ ነገር ስሠራ የዋልኩ አይመስለኝም። የዋልኩት ላፍቶ ነው።

ያን ጊዜ ላፍቶ ዛሬ የምታዩት አልነበረም። ከአስፋልቱ ገባ ብለን ጥቂት ቤቶች ነበርን፤ ከጀርባችን የኦቦ ደሬሳ የጤፍ ማሳ ነው፣ ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው። ክረምት ሲገባ ጫማችንን በፌስታል ይዘን፣ ቦት ጫማ አጥልቀን ጭቃውን እናቋርጥና ታክሲው የሚቆምበት ሱቅ ደጃፍ ላይ እንቀይራለን። ባለሱቋ የሰፈሩን ቦት ጫማ በሙሉ ባንኮኒዋ ሥር ደርድራ ታውላለች፤ ማታ ስንመለስ የየራሳችንን እንፈልጋለን፣ አንዳንዴም ግራው የእኔ፣ ቀኙ የሰው ሆኖ እደርሳለሁ። ዳቦ በስሙኒ ነው። ሴቱ ሁሉ ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ ያለበት ኮት ይለብሳል፤ ከልባሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ መርጠን ነው የምንገዛው፣ ትከሻችን በር አያስገባም ነበር ብላችሁ እመኑኝ። ፀጉራችንን ፐርም እንሠራለን፤ ዝናብ ሲነካው ምን እንደምንመስል አንድዬ ይወቀው። መገንጠያው ላይ ሙዚቃ ቤት ነበር፤ ስፒከሩን በረንዳ አውጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ አዲስ የወጣውን ካሴት ይለቀዋል። ከሥራ ስመለስ መስማት የጀመርኩት ዘፈን እዚያ ጥግ ላይ ሲያልቅልኝ ነው ወደ ቤት የምታጠፈው። አሁን እዚያ ጥግ ላይ የስልክ መሸፈኛ ይሸጣሉ።

እኔ ወይን ፋብሪካ ነበር የምሠራው። ጠርሙስ ማጠቢያው ላይ ተቀጥሬ ወረቀት መለጠፊያው ላይ ደርሻለሁ፤ እድገት ነው እንግዲህ። የወይን ሽታ ልብስ ይዞ አይለቅም። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ቀና ብሎ አይቶኝ ፊቱን ሲያዞር፣ "ጠጥታ ነው" ማለቱ እንደሆነ ይገባኛል። አንዴማ ገብርኤል ደጃፍ አንዲት መነኩሲት "ልጄ፣ በጠዋቱ?" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁብኝ። እኔ ደግሞ ያን ዕለት ቁርስ እንኳ አልቀመስኩም። ለመርሻ ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ለበዓል ለሠራተኛው ወይን ይታደላል፤ ጎረቤት ይጠራል፤ ሰዉ ሁሉ ወይኑን በለስላሳ እየበጠበጠ ይጠጣል፣ እኔም ጭምር። መርሻ ግን ቀይዋን እንዳለች በትንሽ ብርጭቆ ይቀዳና አፉ ውስጥ ያቆያታል። "ጥሩ፣ ለምን እንደሚቀላቅሉት ታውቂያለሽ? ጎምዛዛውን ፈርተው ነው። ጎምዛዛውን ስታወጪው ወይኑም አብሮ ይወጣል" አለኝ አንድ የፋሲካ ቀን። "ሂድ እቴ፣ ሰከርክ" አልኩት። ከዚያ በኋላ ግን ሳልቀላቅል መጠጣት ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ፊቴን እያጨማደድኩ፣ ኋላ ወደድኩት። ኑሯችን ራሱ ያኔ መጎምዘዝ ጀምሮ ነበርና ልማዱ ጠቅሞኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርሻ የጦር ክፍል ባንድ ውስጥ ነበር የሚጫወተው። መንግሥት ሲለወጥ ባንዱ ተበተነ፤ ዩኒፎርሙን አስረከበ፤ መሣሪያውንም እንደዚሁ። ከአንድ ጡረታ የወጣ ሰው አሮጌ ሳክስ ገዛና ሆቴል መጫወት ጀመረ። በነጭ ሸሚዝና በቡናማ ኮት፣ ጫማውን ወልውሎ ሲወጣ የሰፈሩ ሰው በር ላይ ቆሞ ያየዋል። ደህና ሄዶ ነበር። ከዚያ ኦርጋን መጣ። ኪቦርዱን ማለቴ ነው፤ እኛ ኦርጋን ነበር የምንለው። አንድ ሰው ጥግ ላይ ቆሞ ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ትራምፔቱንም፣ ሳክሱንም በአሥር ጣቱ ያወጣዋል። ባለሆቴሉ ምን አስጨነቀው? አምስት ሰው ከሚቀልብ አንድ ሰው ቀጠረ። ያ አንድ ሰው ግርማ ነበር፤ ሰፈሩ "ግርማ ኦርጋን" ይለዋል። ላፍቶ ከእኛ ቤት ወረድ ብሎ ተከራይቶ የሚኖር፣ ቤት ውስጥ እንኳ ጥቁር መነጽሩን የማያወልቅ፣ ሲበዛ ሰላምተኛ ሰው ነው። መርሻን ባየ ቁጥር ጎንበስ ብሎ "ጋሽ መርሻ፣ እንዴት ዋሉ?" ይላል። መርሻ መንገድ ይቀይራል። "ሰውዬው ምን አደረገህ? እንጀራው ነው" ስለው ይቆጣል። "እሱን አይደለም የምጠላው፣ ሣጥኑን ነው። ይሄ ሣጥን እኮ አይተነፍስም! እኔ ትንፋሽ ልወስድ ሳቆም ያን ጊዜ ነው የሚያዳምጠኝም ሰው አብሮኝ የሚተነፍሰው። እሱ ግን ሲያንጣጣ ይውላል፣ ሰዉም ታፍኖ ይውላል" ይለኛል። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አሁን የልጅ ልጆቼ ዘፈን ሲከፍቱ ልቤ ጥድፍ ጥድፍ ሲልብኝ፣ መርሻ ያለው ነገር እውነት ሳይሆን አይቀርም እላለሁ።

ሥራ ከፈታ በኋላ ቀን ቀን እየጠፋ ሄደ። ምሳውን በልቶ ኮቱን ለብሶ ይወጣል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመለሳል። የት ዋልክ? ዞር ዞር ብዬ። አንዷ ጎረቤቴ፣ ስሟን አልጠራም፣ አሁን ሞታለች፣ "ጥሩዬ፣ ወንድ ልጅ ሥራ ሲፈታ ሌላ ሥራ ያገኛል" ብላ ጠቀስ አደረገችኝ። ውስጤ ነደደ። አንድ ቀን ከሥራ አስፈቅጄ ወጣሁና ተከተልኩት። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ቆርቆሮ ቤት ነው፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። እዚያ ገባ። እኔም ከፈልኩና "ዛሬ ጉድሽ ፈላ" እያልኩ ገባሁ፤ ሴትዮዋን ማለቴ ነው። ውስጡ ጨለማ ነው፤ አግዳሚው ላይ ጎረምሳ በጎረምሳ ሆኗል። የካራቴ ፊልም ነው የሚታየው። አንዱ አንዱን ሲጥል ቤቱ በፉጨት ይናጋል። መርሻን ፊት አግዳሚ ላይ አየሁት፤ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ እንባው እየወረደ ነው። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። ዞሮ አየኝ፤ አልደነገጠም። "ቁጭ በይ፣ ሊያልቅ ነው" አለኝ።

ስንወጣ፣ "የካራቴ ፊልም ያስለቅሳል እንዴ?" አልኩት። "ፊልሙን መች አየሁት?" አለኝ። "ቤት ባለቅስ ልጆቹ ያዩኛል። ቤተ ክርስቲያን ባለቅስ ሰው ምን ሆነ ብሎ ይጠይቀኛል። እዚህ ግን ጨለማ ነው፣ ሁሉም ወደ ፊት ነው የሚያየው።" ጭቃውን እየዘለልን፣ እጄን ይዞኝ ወደ ቤት ሄድን። ያቺን ጎረቤቴን መንገድ ላይ አገኘናት፤ ሰላም እንኳ አላልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ፊልም ሳይ ወደ ጎን መመልከት ለምዶብኛል። ልጆቼ ሲኒማ ሲወስዱኝ "እማዬ፣ ፊልሙ በዚያ ነው" ይሉኛል። እኔ የማየው አጠገቤ ያለውን ሰው ነው፤ ማን ምን ይዞ እንደገባ አይታወቅም።

ሳሉ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው አልን፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዳማ ከሴ፣ ማር አልን። ለዘመን መለወጫ ፋብሪካው የሠራተኛ ቤተሰብ እንዲጎበኝ ሲፈቅድ መርሻም አብሮኝ መጣ፤ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ። በርሜሎቹ ያሉበት ቀዝቃዛ ቤት ስንገባ አለቃችን፣ "ወይኑ ገና እየፈላ ነው፣ ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉት" አሉ። ሰው ሁሉ ጠጋ ብሎ ሰምቶ፣ ስቆ አለፈ። መርሻ ግን ጆሮውን በርሜሉ ላይ እንደለጠፈ ቀረ። "ምን ይላል?" አልኩት። "ይተነፍሳል" አለኝ። ደግሞም፣ "እንዴት እንደሚያስቀናኝ ብታውቂ" አለኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ በፊት ሳል ነበር የምለው፤ ትንፋሹ እንደሆነ እዚያ ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ነው የገባኝ። ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሳንባው እንደተጎዳ ነገሩን፤ መድኃኒት ሰጡት፤ መንፋት ይቅርብህ አሉት። ሳክሱን በሣጥኑ አድርጎ አልጋ ሥር ከተተው። ቤታችን ውስጥ ዝምታ ገባ። መርሻ ሲስል እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ቀስ ብሎ ነበር።

ታዲያ ኦቦ ደሬሳ ጫልቱን ሊድሯት ሆነ። ሰፈሩ በሙሉ ተነሣ፤ ማሳው ዳር ዳስ ተጣለ። መጠጡን ለእኔ ሰጡኝ። በሠርግ መጠጥ የሚጠብቅ ሰው ታማኝ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ግማሹ ሳጥን በጓሮ ይወጣል፤ እኔ ደግሞ ወይን ፋብሪካ ስለምሠራ የሰፈሩ መጠጥ ሁሉ የእኔ ነበር ማለት ይቻላል። ሙዚቃው ግርማ ኦርጋን ሆነ። እኔ ግን ውስጤ የቆየ ነገር ነበር፤ አንድ ማታ እራት ስንበላ አወጣሁት። "መርሻዬ፣ በሞቴ፣ ለጫልቱ አንዴ ንፋላት። አንድ ዘፈን ብቻ። ለእሷ ብዬም አይደል፤ እኔ መስማት እፈልጋለሁ። ናፈቀኝ።" ቀና ብሎ አየኝ። ትልቅ ዐይን ነበረው። "ሐኪሙስ?" አለ። "አንዲት ዘፈን ምን ታደርግሃለች? ቢያምህ ተወው" አልኩት። እንጀራውን ጠቅልሎ ጎረሰ። "እሺ" አለኝ፤ "አንድ ዘፈን።" በማግስቱ ሳክሱን አውጥቶ ሲወለውል አየሁት። ከደስታዬ ብዛት ከሥራ ስመለስ ሁለቱንም የሰው ቦት ጫማ አድርጌ ገባሁ።

የሠርጉ ቀን ቁልፌን በክር አንገቴ ላይ አሥሬ ከዳሱ ጀርባ ባለው ጎተራ ተሰየምኩ። ከዚያ ንቅንቅ የለም። ለስላሳው፣ ቢራው፣ ጠላው፣ ለክብር እንግዶች የተለየው ወይን፣ ሁሉም በእኔ እጅ ነው የሚወጣው። አሳላፊዎቹ "እትዬ፣ ሁለት ሳጥን!" "እትዬ፣ ወይን ለሽማግሌዎቹ!" ይላሉ፣ እኔ አወጣለሁ፣ እቆልፋለሁ። ዳሱ ውስጥ ምን እንደሚሆን የማውቀው በጆሮዬ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ነው፤ እልልታው ጋብ አለና ኦርጋኑ ቀስ ብሎ ገባ፤ ከዚያ ሳክሱ። ወይኔ! የድሮ የትዝታ ዜማ ነው፣ መርሻ ሲያጨኝ ይጫወተው የነበረ። በእጄ የያዝኩትን ሳጥን አስቀመጥኩና ጎተራው ግድግዳ ላይ ተደገፍኩ። ድምፁ ከድሮው ለስለስ ያለ መሰለኝ፤ ደክሞት ነው አልኩ። ግን አልተቆራረጠም! ያ ሁሉ ሳል፣ ያ ሁሉ መድኃኒት፣ ዜማው ግን አንዴም ሳይሰበር ይወርዳል። ዳነ ማለት ነው፣ እግዚአብሔር ሰማኝ፣ አልኩ። አንድ ጠርሙስ ቀይ ከፈትኩና ብቻዬን ቆሜ፣ እያለቀስኩ፣ በብርጭቆ ሙሉ ጠጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ትንሽ ቆይቶ መርሻ በጎተራው በር መጣ፤ ፊቱ በላብ ታጥቧል፣ የሸሚዙ ኮሌታ ረጥቧል። "ሰማሽኝ?" አለኝ። "ሰማሁህ! እንዴት አልሰማህ! ከድሮው ምን ጎደለህ?" ብዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ሳቀ፤ ዐይኑን ግን ወደ መሬት አደረገ። "ወይን ስጪኝ" አለ። ቀዳሁለት፤ እንደ ልማዱ አፉ ውስጥ አቆይቶ ዋጠ። "ለግርማም አንድ ላኪለት፤ ከደህናው" አለኝ። ተገርሜ አየሁት፤ ሰውዬውን በስሙ ሲጠራው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሙዚቃ አስታረቃቸው ብዬ ደስ አለኝ፤ ላኩለትም። ከዚያ ወዲያ ሳክሱን አልነካውም። የገና ጾም ሳይፈታ አረፈ፤ ቤቱ፣ አልጋው ላይ፣ እጁ እጄ ውስጥ ሆኖ።

የሠርጉ ካሴት ደርሶ ኦቦ ደሬሳ ሰፈሩን ሲጠሩ መርሻ አርባው ወጥቶ ነበር። እኔም ጥቁሬን ለብሼ ሄድኩ። መርሻን ላየው ነው፤ ልሰማው ነው። የዚያን ዘመን የሠርግ ቪዲዮ እንዴት እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ቀራጩ የዳሱን ድምፅ ያጠፋና ከላይ የዘመኑን የሠርግ ዘፈን ይጭንበታል፤ ያምራል ብሎ ነው፣ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚያሠራው። ሽማግሌ ሲመርቅ ዘፈን፣ እናት ስታለቅስ ዘፈን። የእኔ መርሻ ብቅ አለ፤ ሳክሱን አፉ ላይ አደረገ፤ ከእሱ የወጣው ግን የማላውቀው ሰው የሠርግ ጭፈራ ነበር። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ተነሥቼ ወጣሁ። ያን ቀራጭ ምን ያላልኩት አለ? "እጁ ይሰበር" አልኩ፤ ሁለት ጊዜ ገደልክብኝ አልኩ። ያ ካሴት ካለበት ቤት አጠገብ መኖርም ከበደኝና ከዓመታት በኋላ ወደ ለቡ ሄድኩ።

እሑድ ዕለት ሀና ማርያም ሰፈር፣ ጫልቱ ቤት ደረስኩ። ቡናውንም ምግቡንም አዘጋጅታ ጠበቀችኝ፤ እኔ ግን "ይሄ ይቆይና መጀመሪያ አሳዪኝ" አልኳት። ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው። ዳሱ መጣ። ሳህን ሲንቋቋ፣ ሕፃን ሲያለቅስ፣ አንዱ "ወንበር አቀብሉን!" እያለ ሲጮኽ፣ ሁሉም ይሰማል። የቀራጩ ፓውዛ መብራት ያረፈበት ሰው ሁሉ ዐይኑን በእጁ ይከልላል። ግማሾቹ ሞተዋል። ኦቦ ደሬሳ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ትከሻቸውን እየሰበቁ መጡ፤ ጫልቱ "አባዬ" ብላ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። በሠርግ ቪዲዮ ሰው የሚያየው የራሱን ሰው ብቻ ነው። እኔ ከኋላቸው መድረኩን እያየሁ ነው። ግርማ በጥቁር መነጽሩ ኦርጋኑን ይዞ ቆሟል፤ ጎኑ ላይ መርሻዬ፣ በቡናማ ኮቱ። ሳክሱን ወደ አፉ አነሣ። ዜማው መጣ። ያው ነው፣ ጎተራ ውስጥ የሰማሁት። እጄን አፌ ላይ አድርጌ "መጣ፣ መጣ" አልኩ።

ከዚያ አንገቱን አየሁት። መርሻ ሲነፋ የአንገቱ ደም ሥር እንደ ገመድ ነበር የሚወጣው፤ ጉንጩ ይወጠራል፤ ልጆቻችን ሲለማመድ ጉንጩን በጣታቸው እየጫኑ ያስቁት ነበር። እዚህ ግን አንገቱ ላይ ምንም የለም። ጉንጩ ገብቶ እንደቀረ ነው። ደረቱ አይነሣም። ጣቶቹ ብቻ ልክ ልኩን እየተከተሉ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። እንዴ፣ ብዬ ገና ሳልጨርስ ሳል መጣበት፤ ሳክሱን ከአፉ አወጣና ፊቱን በመሐረብ ይዞ ወደ ጎን ዞረ። ሳክሱ ግን አላቆመም። ዜማው ያለ እሱ ቀጠለ። ካሜራው ወደ ግርማ ዞረ፤ የግርማ ቀኝ እጅ ኦርጋኑ ላይ ነው፣ አንገቱን ጠምዝዞ መርሻን እያየ ነው፤ ዜማውን ቀስ አድርጎ አወረደና ዘጋው። ዳሱ አጨበጨበ። መርሻ መሐረቡን ኪሱ ከቶ እጅ ነሣ።

ቀራጩ ምንም አልወሰደብኝም ነበር። የሚወስደው ነገር አልነበረም። ያ ሰው፣ ያ ትዕቢተኛ ባሌ፣ መንገድ እየቀየረ ሰላምታ የነፈገው ሰውዬ ቤት ወርዶ በር አንኳኩቷል። ምን ብሎ ለመነው? በየትኛው አፉ? ዳሱ ሙሉ ሰው ፊት ትንፋሽ ሳይኖረው ቆመ፣ ከጀርባ ቁልፍ አንገቷ ላይ ያሰረች ሚስቱ እንድትሰማ ብሎ። እኔም ሰማሁ፤ ዳነ ብዬ ወይን ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ ስንት ቀን አጠገቤ ተኝቷል፤ አንድም ቃል አልነገረኝም። አለቀስኩ፤ ድምፅ አውጥቼ፣ ሳላፍር።

ጫልቱም እያለቀሰች ነው፤ እሷ ለአባቷ ነው። ዞር ብላ ጉልበቴን ያዘችና "እንዴት ያምራል! ያን ቀን እኔ ሙሽራ ነኝ፣ ምኑንም አልሰማሁም" አለችኝ። "እሳቸው ናቸው አይደል፣ እትዬ ጥሩዬ? የጋሽ መርሻ ድምፅ ይሄ ነው አይደል?"

"አዎ ልጄ፣ የእሱ ነው" አልኳት። "ድገሚልኝ።"